የሕፃን ጋሪ ሲገዛ ክብደቱ በደረጃ ላይ ይፈተን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የገናና የጥምቀት ሰሞን ሲቃረብ፣ ልጅ ከወለዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ወጣ ብለው ለማረፍ የሚያስቡ ባልና ሚስቶች በአካባቢያችን እየበዙ መጥተዋል። መድረሻቸው ብዙውን ጊዜ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሲሆን፣ ገና መራመድ ለጀመረው ልጅ ምን ዓይነት ተጣጣፊ ጋሪ እንደሚሻል እርስ በርስ ሲጠያየቁ እሰማለሁ። እኔም የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጅ እናት ነኝ፤ የምንኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ሊፍት ላለው ሕንፃና የተስተካከለ የእግረኛ መንገድ ላለው ሰፈር የታሰበ በመሆኑ፣ በከተማዋ ዳርቻ ለምንኖር ቤተሰቦች የሚበጀውን በጋዜጣዎ በኩል ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በእኛ ሰፈር ጋሪ ከሚገፋበት ጊዜ ይልቅ በእጅ የሚያዝበት ጊዜ ይበዛል። ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ይወርዳል፤ ክዳን የሌለውን የውኃ መውረጃ ቦይ ለመሻገር ይነሳል፤ ታክሲ ውስጥ ይገባል፤ መናኸሪያ ሲደረስ ደግሞ በሰው መካከል ከፍ ተደርጎ ይወጣል። በዓለም የጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ መሠረት የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጅ አማካይ ክብደት ለሴት 10.2፣ ለወንድ 10.9 ኪሎ ግራም ነው። እናትየዋ ይህን ልጅ በአንድ ክንዷ ይዛ፣ ዳይፐርና ምግብ የያዘውን ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ፣ ጋሪውን በቀረው እጇ አንጠልጥላ ደረጃ መውረድ ትችል እንደሆነ ነው መታየት ያለበት። ለአራስ ልጅ የሚሠሩት ትልልቅ ጋሪዎች ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ለመንገድ ተብለው የሚሠሩት ደግሞ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 7፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉት ጥቂቶቹ ከዚያም ያነሱ ናቸው። በእኔ አስተያየት ሊፍት በሌለው ሕንፃ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከ7 ኪሎ በላይ የሆነውን ጋሪ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ መተው አለበት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ክብደት አንዳንድ ጊዜ የፀሐይ ጥላውንና ከልጁ ፊት ያለውን መያዣ ሳይጨምር የተመዘነ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ አምኖ መግዛት አያዋጣም። በየመንገዱ ሰው የሚመዝኑ ልጆች ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ባዶ እጅ፣ አንድ ጊዜ ጋሪውን ይዞ በመቆም ልዩነቱን ማወቅ ይቻላል።

ለነገሩ ይህ ዓይነት ጋሪ የተፈጠረውም ለመሸከም እንዲመች ታስቦ ነው። ኦወን ማክላረን የተባለ ብሪታንያዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ፣ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላንን የማረፊያ እግር በመሥራት የቀሰመውን እውቀት ተጠቅሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ከአልሙኒየም ቱቦ የተሠራና እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰብ ጋሪ ነደፈ፤ ክብደቱም 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሠሪዎች ትራስ፣ ኪስና ኩባያ ማስቀመጫ እየጨመሩ ጋሪውን አከበዱት፤ ገዢም በእነዚህ ጭማሪዎች ተማርኮ ዋናውን ነገር ሊዘነጋ ይችላል።

ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙት የመንገድ ጋሪዎች በአስተጣጠፋቸው በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈው ሲሰበሰብ ቀጭን ቢሆንም ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ስለሚሆን በሚኒባስ ውስጥ በመቀመጫና በግድግዳ መካከል ይሸጎጣል፤ ዋጋውም ይቀላል። ችግሩ እጀታው ሁለት ቦታ የተከፈለ በመሆኑ በአንድ እጅ ለመግፋት ያስቸግራል፤ ብዙዎቹም መደገፊያቸው ወደ ኋላ አይዘነበልም። ሁለተኛው ዓይነት ሁለትና ሦስት ጊዜ ታጥፎ የእጅ ሻንጣ የሚያክል ይሆናል፤ እጀታው አንድ ወጥ ነው፤ መደገፊያው ይዘነበላል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ለአንድ ቀን ቢሾፍቱ ደርሶ ለሚመለስ የመጀመሪያው ይበቃዋል። ሐዋሳ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ የሚያድር ቤተሰብ ግን፣ ልጁ ከሰዓት በኋላ የሚተኛው ጋሪው ላይ ስለሚሆን፣ አቅሙ ከፈቀደ ሁለተኛውን ቢመርጥ እመክራለሁ።

በአውሮፕላን ለመሄድ ያሰበ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። ሻጮች "አውሮፕላን ውስጥ ይገባል" የሚሉት ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ለእጅ ሻንጣ ያመለከተውን 56 በ45 በ25 ሴንቲ ሜትር መጠን ይዘው ነው። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሚያገለግለው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ግን የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫው ከትልልቆቹ ጄቶች ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ አየር መንገዱን መጠየቅ ይበጃል።

ስለ ጎማው ሰፋ አድርጌ መጻፍ የምፈልገው፣ ጋሪ በእኛ መንገድ ላይ የሚሰናከለው በዚህ በኩል ስለሆነ ነው። ከሕንፃችን በር እስከ ዋናው አስፋልት ያለው ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያም አልፎ ኮረኮንች አለ። የመንገድ ጋሪ ጎማ ትንሽ በመሆኑ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ይያዛል፤ የፊት ጎማዎቹ በነፃነት የሚዞሩ ከሆነ ደግሞ ወደ ጎን ተጠምዝዘው ጋሪውን በድንገት ያቆሙታል፤ ልጁም ቀበቶ ካላሰረ ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚቆልፍ ነገር ያለው ጋሪ ይመረጥ። በጣም ሻካራ ቦታ ላይ ሲደረስ ጋሪውን አዙሮ በኋላ ጎማዎቹ መጎተት ይሻላል፤ በሐዋሳም ሆነ በላንጋኖ ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚያዋጣው ይኸው ዘዴ ነው። በአየር የሚሞላ ጎማ መንገጫገጭን በመቀነስ ረገድ የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክብደት ይጨምራል፤ ደግሞም ለእንዲህ ያለ ትንሽ ጎማ የሚሆን ካለመዳሪ ፍለጋ ከጎሚስታ ጎሚስታ መዞር በዕረፍት ቀን የሚመኙት ሥራ አይደለም። ድፍን ጎማ ሆኖ ኩሽኔታ ያለው ከተገኘ ለመንገድ እርሱ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ጎማውን በእጅ አሽከርክሮ መልቀቅ ነው፤ ጥሩው ያለ ድምፅ ረዘም ላለ ጊዜ ይዞራል፤ መጥፎው ቶሎ ይቆማል ወይም ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል።

ደኅንነትን በሚመለከት ክብደት ለመቀነስ ሲባል ፈጽሞ መተው የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ቀበቶው ትከሻን፣ ወገብንና በእግር መካከል ያለውን ይዞ በአምስት ቦታ የሚያስር መሆን አለበት፤ በወገብ ብቻ የሚታሰር ከሆነ መራመድ የጀመረ ልጅ ተነሥቶ ይቆምበታል። ፍሬኑ በእግር ሲረገጥ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች መያዝ ይኖርበታል። ጋሪው ከተዘረጋ በኋላ በራሱ እንዳይታጠፍ የሚይዘው መቆለፊያ ሁለት ደረጃ ቢኖረው ይመረጣል፤ ማጠፊያው ላይ ያለው ክፍተትም የልጅ ጣት የማያስገባ ወይም የተሸፈነ መሆን አለበት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ 1 ሚሊዮን ያህል ተጣጣፊ ጋሪዎች ማጠፊያቸው እንዲሸፈን ጥሪ የተደረገባቸው የ12 ሕፃናት የጣት ጫፍ በመቆረጡ ነበር። ጋሪ ሲዘረጋም ሆነ ሲታጠፍ ልጁ በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ቀላል ጋሪ ሌላም ጠባይ አለው፤ እጀታው ላይ ከባድ ቦርሳ ወይም በፌስታል የተሞላ ዕቃ ተንጠልጥሎበት ልጁ ሲነሳ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ዕቃው ከመቀመጫው ሥር ባለው ቅርጫት ይቀመጥ።

የአውሮፓው ኢ.ኤን. 1888 የተባለው የጋሪ ደኅንነት መለኪያ የመጀመሪያ ክፍሉ እስከ 15 ኪሎ፣ ሁለተኛው እስከ 22 ኪሎ ግራም ለሚመዝኑ ልጆች የተሠሩትን ይመለከታል። በአማካይ ልጅ 15 ኪሎ የሚደርሰው ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላው ስለሆነ፣ ለሁለተኛ ልጅም ጭምር ማስቀመጥ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህን ቁጥር ከመለያው ላይ ማንበብ ይጠቅማል።

ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ የአየሩ ጠባይ ይለወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስትሆን ሐዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ቀኑ ይሞቃል፤ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አካባቢም በአብዛኛው ወባማ ነው። ስለዚህ የጋሪው ጥላ እስከ ልጁ ጉልበት የሚደርስ ቢሆን፣ መደገፊያውም አየር የሚያስገባ መረብ ቢኖረው ጥሩ ነው። ፀሐይን ለመከላከል ጋሪውን በነጠላ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን ግን አየሩን አፍኖ ውስጡን በፍጥነት ስለሚያግለው አደገኛ ነው፤ ብዙ እናቶች በቅን ልቦና የሚያደርጉት ስለሆነ አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ለምሽት ደግሞ ጋሪውን ዙሪያውን የሚሸፍን ስስ አጎበር ይያዝ፤ የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው።

ጋሪ ማዘልን ያስቀራል የሚል ሐሳብ የለኝም። እናቴ እኔንም ወንድሞቼንም በአንቀልባ አዝላ ነው ያሳደገችን፤ ዛሬም የልጅ ልጇ ሲያለቅስ ዝም የሚለው በእርሷ ጀርባ ላይ ነው። ኮረኮንቹን መንገድ፣ የመናኸሪያውን ግፊያና የሆቴሉን ደረጃ ልጅን አዝሎ ማለፍ፣ ጋሪውን ደግሞ ለለጥ ያለው የሐይቅ ዳር መንገድ፣ ለምግብ ሰዓትና ለእንቅልፍ መጠቀም ይቻላል፤ ጋሪው ቀላል መሆን ያለበት አንዱ ምክንያትም ልጅ ታዝሎ ሳለ በእጅ እንዲያዝ ነው። በሁለቱም በኩል ልንጠነቀቅለት የሚገባ ነገር ቢኖር የሚቆይበት ጊዜ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጋሪ ታስሮም ሆነ በጀርባ ታዝሎ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ መክሯል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ደርሶ ጦጣዎቹንና ዓሣ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የተባሉ ወፎች እያየ መሮጥ የሚችል ልጅ፣ ወላጆቹ ጋሪ ስለገዙ ብቻ ታስሮ መዋል የለበትም።

በመጨረሻ ወደ ሻጮች ልመለስ። በብዙ ሱቆች ጋሪው በካርቶን እንደታሸገ ይቀመጣል፤ ከፍቶ ለማየት የጠየቀ ገዢ "ከከፈትሽው ትገዢዋለሽ" ይባላል። በቴሌግራም የሚሸጡትም ፎቶና ዋጋ ይለጥፋሉ እንጂ ክብደቱን፣ የሚሸከመውን ኪሎና ሲታጠፍ የሚኖረውን መጠን አይጽፉም። ይህ አሠራር ከሕጉ ጋር አይጣጣምም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ የዕቃውን ጥራትና አማራጭ ስለተመለከተ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ የማይገደድ መሆኑንም ደንግጓል። ሻጭ አንድ ጋሪ ከካርቶን አውጥቶ ለማሳያ ቢያቆም፣ ገዢም በአንድ እጁ አጥፎና አንስቶ ጥቂት እርምጃ እንዲሞክረው ቢፈቅድ፣ ለእርሱ ኪሳራ አይሆንም።

ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ወይም ከጎረቤት የተገኘ ያገለገለ ጋሪም ቢሆን መቆለፊያው፣ ቀበቶውና ፍሬኑ ደህና ከሆኑ ከአዲስ ርካሽ ጋሪ ሊሻል ይችላል፤ ጋሪ በመኪና ውስጥ የሚታሰረውን የሕፃን ወንበር ግን እንደማይተካና ልጅን በተሽከርካሪ ውስጥ በጋሪ ላይ አስቀምጦ መጓዝ እንደማይገባ ወላጆች ይወቁ።

የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩትና የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከውጭ የሚገቡ የሕፃናት ጋሪዎች ክብደት፣ የመሸከም አቅምና የቀበቶ ዓይነት በአማርኛ ተጽፎ እንዲለጠፍባቸው ምን እንዳሰቡ ጋዜጣዎ ጠይቆ ለአንባቢያን ቢያሳውቅልን፣ በተለይ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ፎቅ ላይ ልጅ የምናሳድግ ወላጆች በእጅጉ እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከኮዬ ፈጬ