ጥፋቱን ሁሉ ክሊፑ ላይ አትጣሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሞተር እድሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፋሻው፣ ብሮንዚናው፣ የሲሊንደሩ ልክ፣ ሁሉም በደንብ ተብራርቷል። ፒስተኑን ከቢየላው (ክራንክ ሻፍቱን ከሚያዞረው ክንድ) ጋር የሚያያይዘው አጭር ዘንግ፣ ፒስተን ፒኑ ላይ ሲደርስ ግን «ከነማቆሚያው ይገጠማል» ተብሎ ታልፏል። እንጀራዬ ሞተር መፍታትና መግጠም ስለሆነ ይቺን ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ ላልፋት አልቻልኩም።

ማቆሚያው በፒኑ ግራና ቀኝ፣ ፒስተኑ ውስጥ በተቆረጠለት ቦይ የሚቀመጥ ትንሽ ክሊፕ ነው። ፒኑ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ሲሊንደሩን እንዳይነካ ይከለክላል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ሲዞር ፒስተኑ በሰከንድ 200 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል። ክሊፑም አብሮት ይንገላታል። (ፒኑ በቢየላው ዓይን ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚገባባቸው ሞተሮች ክሊፕ አያስፈልጋቸውም። የእነሱን ቦይ አልባ ፒስተን አምጥቶ ፒኑ እንደ ልቡ በሚዞርበት ቢየላ ላይ መግጠም ግን ጉድ ያፈላል።)

ብዙ ሰው ክሊፕ ሲመርጥ የሚለካው ፒኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የፒኑን ጫፍ ነው። ጠርዙ ሰያፍ ሆኖ ከተላገ የተሠራው ለክብ ሽቦ ክሊፕ ነው። ፒኑ ወደ ጎን ሲገፋ ያ ሰያፍ ሽቦውን ይበልጥ ወደ ቦዩ ያስገባዋል። ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋ ክሊፕ ወይም እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠመጠመው ጠፍጣፋ ቀለበት ነው የሚሄድለት። ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም። የሽቦው ውፍረትም እንዲሁ። 1.6 ሚሊ ሜትሩ ለ1.8 በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ግን ይጫወታል። በዓይን ስለማይለዩ ካሊፐር ማንሳት ግድ ነው።

ጠፍጣፋው ክሊፕ በማተሚያ የተቆረጠ ስለሆነ አንዱ ፊቱ ለስላሳ ጠርዝ፣ ሌላው ስል ጠርዝ አለው። ጥፍር ሲያልፍበት ይታወቃል። ስሉ ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ወደ ፒኑ ይዞራል። የሽቦው ክሊፕ ክፍት አፍ ደግሞ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን እንጂ ወደ ጎን አይሁን። ወደ ጎን ከሆነ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም የክሊፑ አንዱ ክንድ በራሱ ክብደት ወደ መሀል ይጎብጣል፣ ከቦዩም ይለቃል። አፉ ፒስተኑ ላይ ካለው ማውጫ ጎድጓዳ ጋር እንዳይገጥምም ይታይ። አንዳንዱ ክሊፕ ጭራ አለው፣ ለፒንሳ ይመቻል። ጭራው ግን ሊሰበር ይችላል፣ ስለዚህ ከፍተኛ ዙር ለሚሠራ ሞተር ጭራ የሌለውን እመርጣለሁ።

የወጣ ክሊፕ አይመለስም። በቃ። አዲሱንም ሲያስገቡ ከልክ በላይ መጭመቅ ጉልበቱን ይገድለዋል። ከገባ በኋላ ለማዞር ሞክሩት። እምቢ እያለ የሚዞር ከሆነ ደህና ነው። እንደ ልቡ ከዞረ ወይ ደክሟል፣ ወይ ቦዩ ውስጥ አልተቀመጠም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ክሊፑ ከቦዩ የዘለለበት ሞተር አመጣልኝ። ሲሊንደሩ በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በጥልቅ ተፍቋል። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ክሊፑ ብቻ ተቀይሮለት ነበር። የሱ ጥያቄ «ጠንከር ያለ ክሊፕ የለም ወይ?» የሚል ነው። እኔ ፒስተኑን ወደ ብርሃን ይዤ ቀሚሱን፣ ማለትም የታችኛውን የጎን ግድግዳውን አየሁት። ፍቀቱ በአንድ በኩል ከፒኑ በላይ፣ በሌላው በኩል ከፒኑ በታች ነው፤ ከጥግ ወደ ጥግ የተሰመረ ያህል ሰያፍ ሆኗል። ፒኑ የሚዞርበት የቢየላው ቡሽ አንዱ ጠርዙ ብቻ ያብረቀርቃል። የቦዩ የውጭ ከንፈርም ተቀጥቅጦ ተከፍቷል። ቢየላውን መለኪያው ላይ ብንሰቅለው ጠማማ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱን ስጠይቀው መኪናው አንድ ጊዜ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ውኃ ጠጥቶ ነበር። ቢየላው የተጣመመው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፒኑ በያንዳንዱ ዙር ወደ አንድ ጎን ሲገፋ ኖሯል። እንዲህ ያለ ግፊት የትኛውም ክሊፕ አይችለውም፣ ለዚህም አልተሠራም።

ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከልክ በላይ ሲጫወት ወይም ቢየላው የሚቀመጥበት አንገት በአንድ ወገን ተበልቶ ሲሰልልም ውጤቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ክሊፕ የዘለለበት ሞተር ሲገጥማችሁ መካኒኩን «ቢየላው ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቦዩ የተቀጠቀጠ ፒስተንም አይመለስ፤ አዲስ ክሊፕ እዚያ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም።

በሚቀጥለው ዓምዳችሁ የፒስተን ቀሚስ አፋፋቅን በፎቶ ብታሳዩን ደስ ይለኛል። ከፈለጋችሁ የዚያን ሞተር ፒስተን አስቀምጬዋለሁ፣ መጥታችሁ ማንሳት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ባለሙያ