የታሪክ ክበብ የ2016 ዓ.ም. የሥራ ዘገባ

የታሪክ ክበባችን በዚህ ዓመት ያጠናው ርዕስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕይወትና ማኅበሮቻቸው የሚል ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጩት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚዘጋጁት የ12ኛ ክፍል አባላት ናቸው። እኔ የዐድዋን ዘመን ዲፕሎማሲ አቅርቤ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ። (በዘገባው ውስጥ የውጭዎቹ ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ሴሚስተር የአዲስ ገቢዎችን ኑሮ አየን። በብዙ ኮሌጆች የአንደኛ ዓመት ተማሪ መለያ የሆነች ትንሽ ቆብ እንዲያደርግ ይገደድ እንደነበር ሲነበብ አባላቱ በሳቅ ፈረሱ። ስለ አሜሪካ እግር ኳስ ስናነብ ግን ሳቅ አልነበረም፤ በጨዋታው የሚሞቱ ወጣቶች በመብዛታቸው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1905 የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ዋይት ሀውስ ድረስ ጠርተው አነጋግረዋል፤ በ1906ም አደጋውን ለመቀነስ ኳስን ወደ ፊት መወርወር በጨዋታው ሕግ ተፈቀደ።

የፕሪንስተን የመመገቢያ ክበቦች ጉዳይ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደብን። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የሚመገቡባቸው እነዚህ ክበቦች የሚቀበሉት ነባር አባላት የመረጡትን ብቻ ስለነበር፣ ያልተመረጠ ተማሪ ከግቢው ማኅበራዊ ኑሮ ተገልሎ ይቀር ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ በኋላም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ውድሮው ዊልሰን በ1907 ክበቦቹን በጋራ መኖሪያና መመገቢያ ለመተካት ቢነሡም፣ የቀድሞ ተመራቂዎች አምርረው ስለተቃወሙ የበላይ ቦርዱ ድጋፉን መልሶ ነሣቸው። አንድ የ10ኛ ክፍል አባል «የምግብ ክበብ ማፍረስ ያቃታቸው ሰው እንዴት አገር መሩ?» ሲል ጠይቆ ነበር።

በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ሥራ የኮርኔሉ ክርክር ነው። በኢታካ ከተማ በሚገኘው በዚህ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች በነጮቹ የወንድማማቾች ማኅበራት (በግሪክ ፊደላት የሚጠሩና አባሎቻቸው በአንድ ቤት የሚኖሩባቸው የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት) ቤቶች ማደር ስለማይፈቀድላቸው በከተማው ጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ተጠግተው ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ውስጥ በእነዚያው የነጮቹ ማኅበራት ቤቶች በአስተናጋጅነት እየሠሩ የሚማሩ ነበሩ። በ1905 መጨረሻ ግድም አብረው ማጥናትና መወያየት ከጀመሩ በኋላ፣ የንባብ ማኅበር ሆነን እንቀጥል ወይስ እንደ ነጮቹ በግሪክ ፊደላት የሚጠራ የወንድማማቾች ማኅበር እንሁን በሚለው ተከራከሩ። አባሎቻችን የሁለቱን ወገን ሐሳብ በራሳቸው ቃል ጽፈው በአዳራሹ አቀረቡት። የ11ኛ ክፍሏ ተከራካሪ «የከለከሉንን ሰዎች ሥርዓት ኮርጀን ብንወጣ ምን አተረፍን?» ስትል፣ ባላንጣዋ «ጥናት ፈተና ሲያልፍ ይበተናል፤ ማኅበር ግን ከተመረቅን በኋላም ይፈልገናል» ሲል መለሰላት። ዳኞቹ ለእርሷ ፈረዱ። በኢታካ ግን የሁለተኛው ወገን ሐሳብ አሸንፎ ታኅሣሥ 4 ቀን 1906 ሰባት ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ።

የሴት አባላት ቡድን በዋሽንግተን የሚገኘውን፣ በአብዛኛው ጥቁሮች የሚማሩበትን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ በሚኒ ሚዲያ አቅርቧል። በ1908 የመጀመሪያው የጥቁር ሴት ተማሪዎች የእህትማማቾች ማኅበር አልፋ ካፓ አልፋ እዚያ ተቋቋመ፤ ከግቢ አጥር ወጣ ያለ ሥራ የፈለጉ 22 አባላቱ ደግሞ በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታን መሥርተው፣ መጋቢት 3 ቀን፣ ማለትም ያው ዊልሰን ለአገር ፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ በዋሽንግተን ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው ሰልፍ ወጡ። የድምፅ ማጉያው እየተቆራረጠ ቢያስቸግርም ዝግጅቱ በተማሪዎች ጥያቄ ተደግሟል።

በዚያው በሃዋርድ ሕክምና ተምረው በ1935 የተመረቁት ዶክተር መላኩ በያን፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት በ1937 ነው። ስለ እርሳቸው የተጀመረው ጽሑፍ በፈተና ምክንያት ስላልተጠናቀቀ ለአዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ተላልፏል፤ የቀሩት ጽሑፎችና የግድግዳ ሥዕሎች በቤተ መጻሕፍታችን ይገኛሉ።