የፌስታሎቹ ነገር

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬሽ ዛሬ ሰላምታ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የመጨረሻው ደብዳቤሽ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እማማ ማረፋቸውን የነገርሽኝ። ያን ቀን ልጽፍልሽ ቁጭ አልኩ፤ ቃል አጣሁ። ነገ እጽፋለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ በኋላ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ያስነሳኝ ፌስታል ነው። እማማ ፌስታል ሲያጥፉ ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው አየሩን ያስወጡታል። ከዚያ በቁመቱ ደጋግመው ያጥፉታል። ቀጭን መቀነት ሲመስል ከጫፉ ጀምረው ሦስት ማዕዘን እያስመሰሉ ይጠቀልሉታል። የተረፈችውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሸጎጥ ያደርጉና ከፍራሹ ስር። አንዷ ግን ሁልጊዜ ከኪሳቸው አትጠፋም ነበር።

በቀደም ፌስታልን ስለሠራው ሰው ሳነብ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ይባላል፤ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሰው አንዴ ተጠቅሞ እንዲጥለው ብሎ አልሠራውም። ልጁ እንደተናገረው፣ አባቱ ራሱ አንድ ፌስታል አጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ይህን ሳነብ አለቀስኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ።

አንድ ዓመት ሆኖኛል፣ ማታ ማታ በፌስታል ኪሮሽ እሠራለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ፌስታሉን ዘርግተሽ ማንጠልጠያውንና የታችኛውን ስፌት ትቆርጫለሽ። የቀረውን አጥፈሽ በሦስት ጣት ስፋት አግድም ስትቆራርጪው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲከፈት ክብ ቀለበት ይሆናል። አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ አሳልፈሽ በራሱ ቀዳዳ መልሰሽ ትስቢዋለሽ። ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ከቸኮልሽ ይበጠሳል። እንዲህ እያያያዝሽ ስትሄጂ ረጅም ክር ይወጣልሻል። ከዚያ ወፍራም የኪሮሽ መርፌ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። መጀመሪያ የሠራሁት የእግር መጥረጊያ ነው። መታጠቢያ ቤት በር ላይ አለ፣ ውሃ አይጠጣም፣ ሲቆሽሽ አራግፌ አጥበዋለሁ።

ሁሉም ግን አልሰመረልኝም። ሰገነቱ ላይ አበባ ላንጠለጥልበት ብዬ አንድ መረብ ሠርቼ ነበር። ነጭና ሰማያዊ፣ እጅግ የሚያምር። ሁለት ወር ሥራ ፈጀብኝ። ፀሐይ ላይ ከረመና አንድ ቀን ላወርደው ስነካው ጣቶቼ መሃል ተፈረፈረ። እንደ ደረቅ ቅጠል ነው የሆነው። ጎንበስ ብዬ ስለቅም ፍርፋሪው እየደቀቀ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ ግማሹንም ነፋስ ወሰደው። የፌስታል ላስቲክ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም። ሙሉ ፌስታል ቢሆን አንስቼ አስቀምጠው ነበር። ያን ብናኝ ማን ይሰበስበዋል? ከዚያ ወዲህ የፌስታል ሥራ ደጅ አላወጣም።

በዚህ ነገር አቋም አለኝ። ብዙ ሰው ከፕላስቲክ ጠርሙስ አበባና ቢራቢሮ ይሠራል፤ ቀለም ይቀባዋል፣ ብልጭልጭ ይለጥፍበታል። ሳምንት ሳይሞላው ያው ቆሻሻ ነው። እንዲያውም ቀለሙና ሙጫው ስለተጨመረበት ተመልሶ ወደ ፋብሪካ እንኳ ለመግባት ይከብደዋል። እኔ አሁን አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት፣ ይህን ባልሠራው ገዝቼ አመጣው ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ካልሆነ አልነካውም።

የውሃ ጠርሙስ ላይ የወደድኩት ክሩን ነው። ቂጡን ቆርጠሽ ታወጪና ዙሪያውን እየዞርሽ በቀጭኑ ትተለትይዋለሽ። ከአንድ ጠርሙስ ብዙ ሜትር ይወጣል። ጠርሙሱ ፋብሪካ ውስጥ ሲነፋ ተወጥሮ ነው ቅርጽ የያዘው። ስለዚህ ሙቀት ሲያገኝ ሊኮማተር ይፈልጋል። የተሰነጠቀውን የመጥረጊያ እንጨት በዚህ ክር ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩት፤ ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ አስጠጋሁበት። ዓይኔ እያየ ክሩ ተሸበሸበ፣ እንጨቱን ጭምቅ አድርጎ ያዘው። እስከዛሬ አልላላም። ለወንበር እግርም እንዲሁ አድርጌአለሁ።

እሳትና ሙቀት ስታስጠጊ ግን ተጠንቀቂ። ከዕቃው ስር ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር እይ። የውሃ ጠርሙስ 1 ነው፤ ፌስታል አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 4። 3 የሚል ካየሽ በጭራሽ እንዳታሞቂው፤ ክሎሪን አለበት፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። የሌላውም ቢሆን ጭሱ አይጠቅምም፣ መስኮት ክፈቺ። ፌስታል ደራርበሽ በካውያ ልታጣብቂ ከፈለግሽ ከላይም ከታችም የመጋገሪያ ወረቀት አድርጊ። እኔ አንዴ ያለ ወረቀት ሞክሬ ካውያዬ ተበላሽቷል።

ይህ ሁሉ ዓለምን ያጸዳል ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 በዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የእኔ የእግር መጥረጊያ ያን ቁጥር አይነካውም። ሥራው ግን እጄን ያሳርፈዋል። ክሩን ስቀጥል ደግሞ ብዙ ነገር አስባለሁ። አንቺን አስባለሁ። እማማ በጭናቸው ላይ ሲያጥፉ ቁጭ ብዬ ሳላያቸው የቀረሁባቸውን ዓመታት አስባለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ከፍራሹ ስር ያሉት ፌስታሎች አሁንም አሉ? ካሉ አደራ አትጣያቸው። እንደታጠፉ አስቀምጪልኝ፣ እኔው መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። ከእነሱ ትንሽ ምንጣፍ ልሠራልሽ አስቤአለሁ፤ አልጋሽ አጠገብ የምትሆን። ያረጁ ናቸው ብለሽ አትስጊ። ይህን ሁሉ ዓመት ፀሐይ አላገኛቸውም፤ አሁንም ጠንካራ ናቸው።

እህትሽ