ለአባባ፤ ስለ እግርዎና ስለ ባዝራዋ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የታናሼ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። ስትሮኩ ግማሽ አካልዎን ካሰነፈብዎ ወዲህ የልቤን መናገር በስልክ አልሆን አለኝ። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ኔትዎርኩ ይቆረጣል፤ ሲመለስ ደግሞ እርስዎ «እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ?» ይሉና ወሬው ሁሉ ወደ ልጆቹ ይዞራል። እኔም እሱኑ ሳወራ ቆይቼ እዘጋዋለሁ።

እንግዲህ ከልጆቹ ልጀምር። ትልቁ በቁመት አልፎኛል። ክረምቱን ሙሉ ሳል ይዞት ነበር፤ አሁን ለቆታል። ትምህርቱን ይወዳል፤ ሒሳብ ላይ እርስዎን ነው የወጣው፣ በቃሉ ነው የሚደምረው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ብቅ እያለ ነው። «አባታችን ሆይ»ን ሳትሳሳት ትጸልያለች። ባለፈው ሰው ይዞላት የመጣው ጥልፍ ቀሚስ አጠራትና አለቀሰች፤ ለሌላ ልጅ አትስጪብኝ ብላ ትራሷ ሥር አስቀምጣዋለች።

ደግሞ ፈረስ መጋለብ ጀምራለች።

ይህን በስልክ አልነገርሁዎም። ምን እንደሚሉ ስላላወቅሁ ነው። ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት አለ። እዚህ ስዊድን ፈረስ የሴት ልጆች ነገር ነው፤ ጋጣው ውስጥ ቢቆጥሩ ወንዱ ጥቂት ነው። ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ፈረሱን ራሳቸው ይቦርሻሉ፣ ኮቴውን ይጠርጋሉ፣ ልጓሙን ያገባሉ፣ ኮርቻውን ይጭናሉ። አስተማሪዋ አንድ ቀን ጠርታኝ፣ «ልጅሽ ወደ ፈረስ ስትቀርብ ሁልጊዜ አስቀድማ አንገቱን ትዳስሳለች፤ ማን አስተማራት?» አለችኝ። እኔ አልኋት። እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ እግዜር ይስጥልኝ አባባ።

የሚማሩት የእኛን ዓይነት ሽምጥ አይደለም። ድሬሳዥ ይሉታል። ሃያ ሜትር በስልሳ ሜትር በሆነ የአሸዋ ሜዳ ላይ ፈረሱ አንዴ በእርምጃ፣ አንዴ በሶምሶማ፣ አንዴ በግልቢያ ይሄዳል፤ ክብ ይሠራል፣ እግሩን እያሻገረ በጎኑ ይሄዳል። የበሰለው ፈረስ ደግሞ ወደፊት ሳይራመድ በቆመበት ሶምሶማውን ይረግጣል። ጋላቢው ድምፅ ማሰማት አይፈቀድለትም፤ ምላሱን ቢያጮህ እንኳ ነጥብ ይቀነስበታል። ፈረሱ የሚታዘዘው በእግር፣ በወገብና በልጓም ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳየው «አባባ ቢያየው ፈረሱን አሰሩት ይል ነበር» ብዬ አሰብሁ። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዓሉ ሲቃረብ አሮጊቷን ባዝራ ከማሳው ዳር ብቻዎን ያሠሯት ነበር። ልጓሙን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው ወገብዎን ቀና ሲያደርጉ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ድምፅ የለም፣ አለንጋ የለም። እርካቡን በአውራ ጣትዎ ቆንጥጠው፣ ተረከዝዎ እንኳ ሳይነቃነቅ። እኔ ከአጥሩ ኋላ ሆኜ አይ ነበር።

ክኒኑን ይውጣሉ? የደም ግፊቱን ማለቴ ነው። ሻል ሲልዎ እንደሚያቆሙት ሰምቻለሁ። የሻለዎት ክኒኑን ስለሚውጡት ነው፤ ሲያቆሙት ይመለሳል። አረቄውንም ይተዉት፤ ለእንግዳ ሲሉም ቢሆን ይተዉት።

ከአጥሩ ኋላ ካልሁ አይቀር ልጨርሰው። ያን ዓመት ባዝራዋን ውኃ ያወረድኋት፣ ሣር ያጨድሁላት እኔ ነበርሁ፤ ታናሼ ገና ልጅ ነው። ጥር 23 የጊዮርጊስ ለት ጠዋት ግላሷን አልብሼ፣ ጋማዋን አበጥሬ፣ «አምጪያት» ስላሉኝ ጋልቤ ወደ ሜዳው አመጣኋት። የመንደሩ ፈረሰኛ ሁሉ ተሰልፏል። አንዱ ሽማግሌ «ይቺ የማን ናት? አያያዟን እዩልኝ!» ሲሉ ሰማሁ። እርስዎም ሰምተዋል። ልጓሙን ያዙና «ውረጂ» አሉኝ። ወረድሁ። ታናሼን አንስተው ኮርቻው ላይ አስቀመጡት፤ እግሩ እርካቡ ጋ አይደርስም ነበር። በእጅዎ ደግፈው ሜዳውን አዞሩት፣ ሰው አጨበጨበ። ማታ ቤት ስንገባ አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አባትሽ ሰው ፈርቶ ነው» አለችኝ። እርስዎ ግን ምንም አላሉኝም። እስከ ዛሬም አላሉኝም።

ይህን የማነሳው ልወቅስዎ ብቻ አይደለም። ትንሽ ግን መውቀሴ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ አልልም።

አስተማሪዋ ለልጆቹ የአንዲት ሴት ታሪክ ነግራቸው ትንሿ ቤት መጥታ ተረከችልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሴትዮዋ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ሊስ ሃርቴል ትባላለች፣ የዴንማርክ ሰው ናት። ከልጅነቷ ጀምራ ጋላቢ ነበረች። በ1944 እ.ኤ.አ.፣ 23 ዓመቷ ላይ፣ ነፍሰ ጡር ሆና የልጅነት ልምሻ መታት። ልጇ በደህና ተወለደች። እናቲቱ ግን ክንዷን ማንሳት፣ መዳህ፣ ከዚያ በክራንች መቆም አንድ በአንድ እንደገና ተማረች። ከጉልበቷ በታች ያለው እግሯ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልተመለሰላትም። ሰዎች አንስተው ኮርቻ ላይ ያስቀምጧታል፤ ትወድቃለች፤ እንደገና ያነሷታል። ጁቢሊ የምትባል ባዝራ ነበረቻት። በእግር ልትነግራት ስለማትችል፣ ባዝራዋ የጀርባዋንና የክብደቷን ማዘንበል እየሰማች መታዘዝ ለመደች። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይህ ስንት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ይረዳል፤ እርስዎ ከማንም በላይ ይረዱታል።

አሁን ደግሞ እርስዎን የሚያስቆጣዎትን ልንገርዎ። ከ1952 በፊት በኦሎምፒክ የድሬሳዥ ሜዳ የሚገባው የጦር መኮንን ብቻ ነበር። ሴት አይገባም፤ ከመኮንን በታች ያለ ወታደርም አይገባም። በ1948 ለንደን ላይ የስዊድን ቡድን ወርቅ ወሰደ። ኋላ ግን ከጋላቢዎቹ አንዱ፣ ጌህናል ፐርሶን፣ ሃምሳ አለቃ ሆኖ ሳለ ለውድድሩ ሲባል ብቻ የመኮንን ማዕረግ ተሰጥቶት እንደነበር ታወቀና ወርቁን ከቡድኑ ነጠቁት። በግልቢያው ያገኙበት ነውር የለም፤ የጎደለው ማዕረጉ ነበር። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደንቡ ሲነሳ ያው ሃምሳ አለቃ ተመልሶ ከቡድኑ ጋር ወርቁን ወሰደ። ሴቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ፤ አራት ነበሩ። ሃርቴል ሰው አንስቶ ጁቢሊ ላይ አስቀመጣት፤ በግል ውድድሩም ከእነዚያ ሁሉ መኮንኖች መካከል ሁለተኛ ወጣች።

የብር ሜዳሊያዋን ልትቀበል ስትል በራሷ መድረኩ ላይ መውጣት አልቻለችም። ያሸነፋት ስዊድናዊው መኮንን ሄንሪ ሴን ሲር ነው ደግፎ ያወጣት። ይህን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። ዓለም እያየ ነው። ወታደር ነው፣ አሸናፊ ነው፤ እሷን መደገፉ ክብሩን አልቀነሰበትም። እሷም መደገፏ ብሯን አላሳነሰባትም። በ1956 ደግሞ እንደገና ተገናኙ። ያ ዓመት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችበት ነው። የእኛ ልጆች ሜልበርን ነበሩ፤ አውስትራሊያ በኳራንቲን ሕጓ ምክንያት የውጭ ፈረስ ማስገባት ስላልቻለች ግን የፈረሱ ውድድር እኛ በምንኖርባት በስቶክሆልም ተደረገ። የጡቡ ስታዲየም ዛሬም አለ፤ አንዳንዴ በአጠገቡ አልፋለሁ። እዚያም ሴን ሲር አንደኛ፣ ሃርቴል ከነጁቢሊ ሁለተኛ ሆኑ። ሦስተኛዋ ጀርመናዊቷ ሊዝሎት ሊንሰንሆፍ ነበረች። በ1972 ሙኒክ ላይ በድሬሳዥ በግል ወርቅ በመውሰድ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው እሷ ናት።

ሃርቴል ኋላ በጁቢሊ ትርኢት እያሳየች በልምሻ ለተመቱ ሰዎች ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር አካላቸው የተጎዳ ሰዎች ፈረስ ላይ እየተቀመጡ ይታከማሉ፤ ለዚህም የሷ ስም አብሮ ይነሳል። በ2009 አረፈች፤ 87 ዓመቷ ነበር።

አባባ፣ ታናሼ ነግሮኛል። የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራዎት ልጅ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ «በሴት ልጅ ትከሻ ተደግፌ ግቢዬ ውስጥ አልታይም» ብለው መለሷት አሉ። ስሰማ ሥራ ላይ ነበርሁ። ሥራዬን ያውቁታል፤ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነው። እንደርስዎ ግማሽ አካላቸው የሰነፈባቸው አባቶች አሉ። ጠዋት ጠዋት ብብታቸው ሥር ገብቼ፣ ጉልበቴን በጉልበታቸው አስደግፌ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ተነሡ» እላለሁ። ይነሣሉ። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ ግን ይነሣሉ። የሰው አባት በየቀኑ አነሳለሁ። የራሴን አባት የምታነሳልኝ ልጅ አግኝቼ እርስዎ ከደጅ መለሷት።

ከዚህ በሽታ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ ይበልጣሉ። የተኛ እግር ይኮማተራል፣ ጀርባ ይቆስላል፣ ሳንባ ይታፈናል። አልጋው ላይ ሆነው የግራ እግርዎን አውራ ጣት ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ፤ ባይንቀሳቀስም ይሞክሩ። ያ እርካብ ይቆነጥጥ የነበረው ጣት ነው። ጭንቅላት ያዘዘውን ረስቶት ይሆናል እንጂ ጣቱ እዚያው አለ።

የምፈራውን በግልጽ ልጽፈው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈቃዱ ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል፣ መንገዱ ሲከፈት ፈቃዱ አይገኝም። ስመጣ ቆመው ይቀበሉኝ አልልም። ተቀምጠውም፣ ተኝተውም ይቀበሉኝ። ብቻ ይቆዩኝ።

ስለ ባዝራዋ ደግሞ። ታናሼ «አባባ ካልጋለባት ምን ታደርጋለች፣ ትሸጥ» ይላል። እሱ ፈረስ እንደማይወድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ጊዜም አይወድም ነበር። አትሽጡብኝ። የዚያችው የልጅ ልጅ ናት። ሣሯን የሚያጭድ ሰው የለም እንዳይሉኝ፤ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ውኃ የምታወርዳት፣ ማታ የምትከታት ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅ ናት። አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ላይ ሳታፍሪ ጮክ ብለሽ አንብቢ። አባባ፣ ትጋልባት። በረንዳው ላይ ወንበር ያውጡልዎትና እርስዎ ተቀምጠው ያርሟት፤ ተረከዟን፣ ወገቧን፣ እጇን። እንደርስዎ የሚያይ ዓይን በዚያ መንደር የለም፤ ለማየት ደግሞ እግር አያስፈልግም። ደህና ከጋለበች ደህና ጋለብሽ በሏት። ሰው እየሰማ በሏት።

የላክሁት ገንዘብ ለማዳበሪያ አይደለም፤ ታናሼ ይስማኝ። አናጢ ጠርቶ ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ የእጅ መደገፊያ እንጨት ያስተክል፣ ደረጃዋንም በሲሚንቶ ይድፈናት። ክኒኑ ሲያልቅ ሳይሆን ሳያልቅ ይነገረኝ። ባለሙያዋን ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች። ቁርስዎን በልተው ይጠብቋት፤ እሷም መንገደኛ ናትና ቡና ይፈላላት።

ልጅዎ
ከስቶክሆልም