ግቢ መዝጋት ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር ዩኒቨርሲቲዎች ወዲያው ይዘጉ የሚለውን ሐሳብ በጥርጣሬ ከሚመለከቱት ወገን ነኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ከግቢ እንዳይወጡ ተነግሯቸው፣ ብዙም ሳይቆይ ወደየቤተሰቦቻቸው እንዲሄዱ መደረጉ ይታወሳል። በሽታው ገና በስፋት ስላልተሠራጨ ያ ውሳኔ ያስኬድ ነበር።

ይሁን እንጂ ተማሪዎቻችን ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚመደቡ በመሆናቸው፣ ግቢ ተዘጋ ማለት በተደራራቢ አልጋ በተሞላ ዶርም ሲያድር የከረመ ወጣት፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ፣ ጤና ጣቢያ ወደራቀው ቀበሌ፣ አያቶቹ ወዳሉበት ቤት ይገባል ማለት ነው። በሽታው ግቢ ውስጥ ከታየ በኋላ እንዲህ ማድረግ ወረርሽኙን በየክልሉ ማከፋፈል ይሆናል። (በኢንተርኔት ይማራሉ የሚለው ማጽናኛም ኔትወርክ በሌለበት አይሠራም።)

ኮሌራማ ጭራሽ ሌላ ነው። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው በር መቆለፍ ሳይሆን የካፌውን የውኃ ታንከር በክሎሪን ማከም፣ በየመጸዳጃ ቤቱ ውኃና ሳሙና እንዳይጠፋ ማድረግ፣ የታመመውንም እዚያው በኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ በሚጠጣ ንጥረ ነገር)፣ ሲጠናበትም በደም ሥር በሚሰጥ ተስማሚ ፈሳሽ መርዳት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን መለያ የሚሆን አንድ ሕንፃ ከወዲሁ እንዲያዘጋጅና፣ ግቢው የሚዘጋው በየትኛው በሽታና በማን ውሳኔ እንደሆነ ለተማሪዎችና ለወላጆች በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች ቢያዝዙ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር