እንጆሪው የጎደለው ማዳበሪያ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የአትክልት ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። ስለ እንጆሪ ስትጽፉ ግን ሁሌ ስለ ፍሬው ነው። እስቲ ስለ ቅጠሉም ጻፉ! እኔ በቅጠል ነጠብጣብ በሽታ አንድ ሙሉ መደብ እንጆሪ አጥቻለሁ፤ ሌላው እንዳይደርስበት ነው የምጽፈው።

ሲጀምር ትንሽዬ ክብ ሐምራዊ ነጥብ ነው። ፀሐይ የመታው መስሎኝ ተውኩት። ከዚያ ነጥቡ እየሰፋ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ደረሰ፣ መሐሉ ግራጫ ቀጥሎም ነጭ ሆነ፣ ዙሪያው ግን ሐምራዊ እንደሆነ ቀረ። አሁንም አልገባኝም። ምግብ አንሶት ነው ብዬ ዩሪያ ጨመርኩለት፣ ማታ ማታ ደግሞ ከላይ ውሃ አርከፈከፍኩበት።

ለካ ሁለቱም በሽታውን መቀለብ ነበር። ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ለጋ ቅጠል ይበዛል፣ በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ደግሞ በጣም የሚያጠቃው ለጋውን ነው። ማታ የረጠበ ቅጠል እስኪነጋ ስለማይደርቅ የፈንገሱ ዘር እዚያው እርጥበት ላይ ይበቅልና በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ሰርጎ ይገባል፤ ውሃው ሲፈናጠቅም ወደ ጎን ተክል ይዞት ይሄዳል። ሲብስ የቅጠሉን አገዳ፣ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ሐረግ፣ ፍሬውን ሳይቀር ይይዛል።

ችግኙን የሸጠኝ ሰው ነጥቡን አሳይቼው «ምንም አይደል፣ ይለቀዋል» ብሎኝ ነበር። አይለቀውም! የታመመ ቅጠል ተመልሶ አይድንም፣ ፈንገሱም በአሮጌው ቅጠል ላይ ተደብቆ ቀጣዩን ወቅት ይጠብቃል። ስለዚህ ነጥብ ያለበት ችግኝ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

አሁን ውሃ የማጠጣው ጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ ነው። ተክሎቹን አራርቄያቸዋለሁ፣ ነፋስ እንዲያገኛቸው። ምርት ከተለቀመ በኋላ አሮጌውን ቅጠል ቆርጬ ከመደቡ አርቄ አስወግዳለሁ። ፀረ ፈንገስ መድኃኒትም አለ፤ ግን የሚጠቅመው አዲሱን ቅጠል ለመጠበቅ ነው፣ የተነጠበውን አያጠራም። ሲረጭም የቅጠሉ ሆድ መረሳት የለበትም።

አንድ ልመና አለኝ። የበሽታውን ፎቶ በቀለም አውጡልን፣ አጠገቡም መሐሉ የማይነጣውን፣ ቅጠሉን እንደተቃጠለ የሚያስመስለውን ሌላውን የፈንገስ በሽታ አድርጉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አይምታታበትም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ