ተገጣጥማ የመጣችውን ልግዛ ወይስ ኪቱን?

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። በዓል ሲቃረብ እዚህ ቨርጂኒያ ሱቃችን ውስጥ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «ድንጋይ የምትወጣዋን የሪሞት መኪና ልገዛ ነው። ተገጣጥማ የመጣችው ትሻላለች ወይስ ኪቱ፣ ማለትም ራሴ የምገጣጥማት?» ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ረጋ ብለን ጻፍንላችሁ።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ ሌላ ነው። መኪናዋ ስትሰበር ማን ይጠግናታል? ክራውለር፣ ማለትም ድንጋይ የምትወጣዋ መኪና፣ አንድ ቀን መሰበሯ አይቀርም። ሥራዋ ድንጋይ ላይ መንጠላጠልና መገልበጥ ነው። ፍጥነቷ ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም፤ ጎማዋ ስንጥቅ ውስጥ ሲቀረቀር ግን ሰርቮዋ (መሪዋን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) እና ጎማ የሚያዞሩት ዘንጎች ከባድ ጫና ይሸከማሉ።

ተገጣጥማ የምትመጣዋ መኪና ቀለሟ ተቀብቶ፣ ሞተሯ፣ ሰርቮዋና ኢኤስሲ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ተገጥሞላት፣ ከነሪሞቷ ነው የምትመጣው። ትራክሳስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣት ቲአርኤክስ-4 ጥሩ ምሳሌ ናት። ካምቢዮዋ ባለሁለት ማርሽ ነው። የፊቱንም የኋላውንም ዲፍረንሻል ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ በሪሞት ትቆልፋላችሁ፤ ያኔ ግራና ቀኙ ጎማ እኩል ይዞራል። አክሰሏ ፖርታል የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ድንጋይም ሆዷን ቶሎ አይነካውም። ለጀማሪ ይህ ሁሉ ተስተካክሎ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው።

ባትሪና ቻርጀር ግን በ1/10 ልኬት (የእውነተኛ መኪና አንድ አስረኛ በሚያህሉ) መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው የሚገዙት። ይህን ሳያውቅ ለልጁ የልደት ቀን ካርቶን የከፈተ ወላጅ ያዝናል፤ እባካችሁ ስትገዙ ጠይቁን። ትንንሾቹ፣ ማለትም የአክሲያል ኤስሲኤክስ24 እና የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4ኤም፣ ባትሪና ቻርጀር ይዘው ይመጣሉ። ክረምት ላይ ሳሎን ውስጥ ትራስና መጽሐፍ ደርድሮ ለሚነዳ ልጅ ከነሱ የተሻለ አናውቅም።

ተገጣጥማ መጣች ብላችሁም ወዲያው ድንጋይ ላይ አትልቀቋት። የጎማዎቹን ብሎኖች አጥብቁ። ብረት ከብረት ጋር የሚታሰርበትን ብሎን አንድ በአንድ ፈትሹና እንዳይላላ የሚይዘውን ሰማያዊ ማጣበቂያ ጠብ አድርጉበት። ፕላስቲክ ላይ ግን አታድርጉት፤ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ርካሽ ሞዴሎች ላይ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ሰርቮው ነው። ተጨማሪ ገንዘብ ካላችሁ መብራትና ጌጥ ከመግዛት በፊት ጥርሱ የብረት የሆነ ጠንካራ ሰርቮ ግዙ።

ወደ ኪቱ እንምጣ። አክሲያል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣት ኤስሲኤክስ10 III በሁለቱም መልክ ተሸጣለች። ኪቱን ስትከፍቱ የምታገኙት በከረጢት የተለያየ ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሽ፣ ዘንግና መመሪያ ነው። ሞተር፣ ኢኤስሲ፣ ሰርቮ፣ ሪሞት፣ ባትሪና ቻርጀር በአብዛኛው የሉበትም። ግልጽ የሆነው የፕላስቲክ ቦዲም ቀለም ይፈልጋል። የሚቀባው በውስጥ በኩል ነው፤ ቀለሙም ፖሊካርቦኔት ለሚባለው ለዚህ ፕላስቲክ የተሠራ መሆን አለበት። ሁሉም ሲደመር ኪቱ ብዙ ጊዜ ተገጣጥማ ከመጣችው ይበልጣል። ይህን ደብቀን ኪት መሸጥ አንፈልግም።

ታዲያ ለምን ይገዛል? ሲገጣጠም የሚገኘው እውቀት ስላለ ነው። ሾኮቹን በሲሊኮን ዘይት ስትሞሉ አረፋው እስኪወጣ ፒስተኑን ቀስ እያላችሁ ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ አየር ከቀረበት መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ትዘላለች። የሞተሩን ትንሽ ማርሽ ከትልቁ ጋር ስታገናኙ መሐላቸው ቀጭን ወረቀት አስገቡና አጥብቁ፤ ከዚያ ወረቀቱን አውጡት። ክፍተቱ ልክ የሚሆነው እንደዚያ ነው። በጣም ከተጣበቀ ሞተሩ ይግላል፤ ከላላ ጥርሱ ይበላል። ሞተሩንም እናንተ ናችሁ የምትመርጡት። ለድንጋይ 35 ወይም 55 ተርን (ሽቦው የተጠመጠመበት ቁጥር) የሆነ ብረሽድ፣ ማለትም ብሩሽ ያለው፣ ሞተር ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ለመቆጣጠር ይመቻል። እነዚህን በእጁ የሠራ ሰው መኪናዋ «ቀጭ» ስትል ድምፁ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ስለዚህ ከልጃችሁ ጋር ማታ ማታ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ካማራችሁ ኪቱን ውሰዱ። 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊሜትር ባለስድስት ማዕዘን ካቻቢቴ ጥራት ያለው ግዙ፤ ርካሹ የብሎኑን ራስ ያበላሸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ተነስታችሁ መንዳት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ወይም የመጀመሪያ መኪናችሁ ከሆነች፣ ተገጣጥማ የመጣችውን ውሰዱ። እኛ ለአብዛኛው ጀማሪ የምንሰጠው ምክር ይኸው ነው። ያቺኑ መኪና ከዓመት በኋላ ፈታታችሁ መልሳችሁ መግጠም ትችላላችሁ።

ለወንድም ወይም ለእህት ልጅ አዲስ አበባ ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ አላችሁ። ለናንተ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር። እዚያ ለእነዚህ ሞዴሎች መለዋወጫ እንደዚህ በቀላሉ አይገኝም። ተቀባዩ እጁ የለመደ ጎረምሳ ከሆነ ኪት ደስ ይለዋል። ካልሆነ ተገጣጥማ የመጣችውን ግዙና ከመኪናዋ ጋር አንድ ትርፍ ሰርቮ፣ የዘንግ ጥንድና የሞተር ማርሽ ጨምሩ።

ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የምትጭኑት ሻንጣ ውስጥ አይሆንም፤ ከእጅ ቦርሳችሁ ጋር አውሮፕላኑ ውስጥ ነው የሚገባው። ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ማባዛት ነው። 11.1 ቮልትና 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (5 አምፔር-ሰዓት) የሆነ ባትሪ 55.5 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ያልፋል። ጫፎቹ እንዳይነካኩ በቴፕ ሸፍኗቸው። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁም አትያዙት፤ ለሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሲቀመጥ የሚስማማው በአንድ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ነው። ያበጠ ባትሪ ግን በጭራሽ ይዛችሁ አትሂዱ።

ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ። እዚህ አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ 220። 120 ብቻ የሚለው ቻርጀር እዚያ ከተሰካ ይቃጠላል። ቻርጀራችሁን ወደ ሱቅ ብታመጡት ያለ ክፍያ እናይላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች